ካያያዝ ይቀደዳል

ክርክሩ የተነሳው በጃፓን ፊልም ነው። አንደኛው «ሰፊው ስክሪን የጃፓንን ሲኒማ አበላሸው» ብሎ ጀመረ። ማስረጃው ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኦዙ ነው። «ኦዙ እ.ኤ.አ. በ1963 እስኪሞት ድረስ ሲኒማስኮፕ የሚባለውን ሰፊ ፍሬም አልነካም። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንሱና በጠባቡ ፍሬም ሠርቶ አለፈ። ታላቁ ሰው ያልፈለገው ምን ይረባል?» ከዚያ ወዲያ ኦዙን ደጋግሞ ከመጥራት በቀር የጨመረው ነገር የለም።

ሁለተኛው ረጋ ብሎ «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» አለው። እውነቱን ነው። ቶኤይ የተባለው የፊልም ኩባንያ የመጀመሪያውን የጃፓን ሰፊ ፊልም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ሌላው ኩባንያ ቶሆም በዚያው ዓመት ቶሆስኮፕ ያለውን የራሱን ሰፊ ፍሬም ይዞ መጣ። የካሜራው ሌንስ ምስሉን በወርዱ ወደ ግማሽ ጨምቆ ተራው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ያሳርፈዋል፤ የፕሮጀክተሩ ሌንስ መልሶ በእጥፍ ይዘረጋውና ምስሉ 2.35 ለ 1 ይሆናል። የፕሮጀክተሩ ሌንስ ትንሽ ዞሮ ከተገጠመ ቀጥ ያለው ምሰሶ ሁሉ ያዘነብላል። ታዲያ ጥፋቱ የምሰሶው ነው?

«ፊቱስ? ተዋናዩ ሲቀርብ ጉንጩ ያብጣል!» አለ ያኛው፣ የረታ መስሎት። ያብጣል፤ ባለሙያዎቹም ጆሮ ደግፍ ብለውታል። ፊት ሲጠጋው የድሮው ሌንስ የመጭመቅ አቅሙ ከ2 በታች ይወርዳል፤ ፕሮጀክተሩ ግን ሁልጊዜ በ2 ነው የሚዘረጋው፤ ትርፉ ጉንጭ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ካሜራውን ወደ ኋላ መልሶ ረዥም ሌንስ መግጠም ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ፎከሱ ስስ ነው፤ ተዋናዩ ግማሽ እርምጃ ካለፈ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ፣ ለዚያም መብራት መጨመር ግድ ነው። ካያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኸው ነው።

ሌላው የጃፓን ዳይሬክተር ኩሮሳዋ አያያዙን ያውቅበታል። ወደ ሰፊው ፍሬም የገባው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ በ1963 «ገነትና ሲኦል» በተባለው ፊልሙ ላይ ደግሞ አንድ ሳሎን ውስጥ ብዙ ሰው አቁሞ በረዥም ሌንስ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ካሜራ ቀረጸው። ልጁ የታገተበት ሹፌር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ገንዘቡን ክፈል የተባለው ጌታው ከእሱ ራቅ ብሎ። በመሃላቸው ያለው ባዶ ወለል ከንግግር በላይ ይናገራል። ፍሬሙ ቢጠብ ያ ወለል የት ይገባ ነበር?

ያኛው አሁንም «ግን ኦዙ…» አለ። ኦዙ የራሱን ፍሬም አጥብቆ ያዘ እንጂ የሌላውን አልቆረጠም። የሚቆርጡት የዛሬዎቹ ናቸው። 2.35 ለ 1 የሆነን ፊልም ቀጥ ብሎ ለተያዘ ስልክ ሲያስተካክሉት ከወርዱ ሩቡ እንኳን አይተርፍም፤ ወይ ሹፌሩ ወይ ጌታው ይጠፋል። የሽማግሌም ቃል እንዲሁ መሃሉ ተቆርጦ ይዞራል፤ ካነጋገር ይፈረዳል የተባለው ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ይፈረድበታል። የድሮ የሠርግ ካሴት በሰፊው ቴሌቪዥን ሲከፈትም እዩ፦ 4 ለ 3 የነበረው ምስል ወደ 16 ለ 9 ተጎትቶ ሙሽራዋ በሲሶ ሰፍታ፣ ጉንጯ አብጦ ትታያለች። በሪሞቱ የምስሉን ልክ ወደ 4 ለ 3 መመለስ ብቻ በቂ ነበር። ማንም አይመልሰውም፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ከሚታያቸው የእናታቸው ፊት ቢያብጥ ይመርጣሉ።