«ልጅ ልዩነት አያይም» ላልሽው

እህቴ፣ «የአራት ዓመት ልጅ የቆዳ ቀለም አይለይም፣ ባታነሱባቸው ይሻላል» ያልሽው ልክ አይደለም። ሕፃናት ገና በ3 ወራቸው አካባቢ የለመዱትን ዓይነት መልክ አብልጠው ያያሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኬኔትና ሜሚ ክላርክ ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ልጆች ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት ሲያቀርቡላቸው፣ ብዙዎቹ «ጥሩዋ» ብለው ነጯን ነበር የመረጡት።

እኛ ደግሞ ጅማ ነን፣ ቡና አይቸግረንም። ሳህን ላይ ገና በስሱ የተቆላውንም፣ በደንብ የተቆላውንም፣ ያረረውንም እዘረጋለሁ። የማስተምራቸው ልጆች ክንዳቸው ላይ እያስጠጉ ቆዳቸውን የሚመስለውን ይፈልጋሉ። ባለፈው አንዷ መዳፏን ገልብጣ «እንዴ፣ እዚህ ጋ ሌላ ነኝ!» አለች። ክፍሉ በሙሉ መዳፉን ገለበጠ። «ጥቁሬ» እያሉ ስለመጠራራት ያወራነው ያኔ ነው፣ ሳላስገድዳቸው።

ፍሬውን ወደ አፉ የሚከት ግን አይጠፋም። ለትንንሾቹ የተፈጨውን ከወተት ጋር አደባልቀሽ በጣታቸው ይቀቡት።