የእንጦጦ አቋቋም

አቋቋም በቤተ ክህነት ትልቅ ትምህርት ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት አለው፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ሁሉ በሥርዓት ነው፤ ተምሮ ለመመረቅም ዓመታት ይፈጃል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ግን አዲስ አበባ የራሷን አቋቋም አውጥታለች። ለዚህኛው መቋሚያ አያስፈልግም፤ መኪና ይበቃል። ጉባኤው እሑድ እሑድ ነው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣ ሰው የወገኑን ጥበብ አይቶ ይደነቃል። ለመደነቅ ጊዜ አያጥረውም፤ ሰልፉ ንቅንቅ አይልም።

የትምህርቱ መሠረት አንድ ነው፦ ለእግር ጉዞ የወጣ ሰው በእግሩ መሄድ የለበትም። ጫካው ውስጥ 6 ኪሎ ሜትር ሊራመድ አስቦ የመጣ ሰው፣ ከመኪናው እስከ በሩ 400 ሜትር ቢራመድ ክብሩ ይነካል። ስኒከሩ አዲስ ነው፣ ቱታው አዲስ ነው፣ የእጅ ሰዓቱ እርምጃ ይቆጥራል። ሰዓቱ ሥራ እንዲጀምር የተፈቀደለት ግን ከበሩ ወዲያ ነው። 400 ሜትር ዳገት እያዘገሙ ቢወጡት 8 ደቂቃ ነው። ያችን 8 ደቂቃ ለማትረፍ 40 ደቂቃ በአንደኛ ማርሽ መንፏቀቅ ለተራ ሰው የማይገባ ሒሳብ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ያ 400 ሜትር ትንፋሽን ለማለማመድ ሁነኛ ማሟሟቂያ ይሆን ነበር። የኛ ሰው ሳንባውን በድንገት መያዝ ይመርጣል። ሽሮ ሜዳ መኪናቸውን ትተው በሚኒባስ የሚወጡም አሉ ይባላል። እነሱን በጸሎት ማሰብ ነው።

መውጣቱ ራሱ ያስተምራል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል፤ የቀረችውን ደግሞ ሰልፉ ይጨርሳታል። ማንዋል የያዘው ሰው የእጅ ፍሬን መሳብ ያሳፍረዋልና መኪናውን ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን ሰቅሎ ይይዛል። አንድ ሜትር ይሄዳል፣ ይሰቅላል፤ አንድ ሜትር ይሄዳል፣ ይሰቅላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አየሩ እንዴት ደስ ይላል!» ሲል፣ የሸተተው ባሕር ዛፍ ሳይሆን የራሱ ፍሪሲዮን ነው። ከፊቱ አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል፤ ጌጁ ቀይ ላይ ወጥቶበታል። በዚያ ከፍታ ተራ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ፣ በፀረ ሙቀት ፈንታ የቧንቧ ውሃ የሞላና የራዲያተር ክዳኑ የላላ መኪና ቶሎ ያንፈቀፍቃል። ክዳኑን በትኩሱ የሚከፍት ጀግናም አይጠፋም። ሞተሩን አጥፍቶ 30 ደቂቃ የሚጠብቅ ፈሪ ብቻ ነው።

ላይ ቤቶች የሚባሉት በሩ አፍ ላይ ካላቆሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ናቸው። ማኅበሩን የሚመራው መሪጌታ ዕድሜው 17 ወይም 18 የሆነ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ልጅ ነው።

«ግባ ጋሼ፣ ግባ፣ ግባ... ስበር! ስበር! መልስ... ና፣ ና፣ ና... በቃ!»

«በቃ» የምትለው ቃል ከፓራውልቱ ድምፅ ጋር እኩል ነው የምትወጣው። ባለመኪናው ወርዶ ሲያይ ከፊት 10፣ ከኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ተርፎለታል።

«ኧረ እንዴት ነው የምወጣው?»

«አታስብ ጋሼ፣ እኔ አለሁ!»

«እኔ አለሁ» በእንጦጦ ከኢንሹራንስ በላይ የሚታመን ቃል ነው። ሰውየው ልቡ ሞልቶ ይሄዳል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ ያ ልጅ የለም፤ ሌላ ልጅ አለ። «እሱ ሄዷል ጋሼ፣ እኔ አለሁ» ይለውና ሒሳቡን እንደ አዲስ ይቀበለዋል።

መሐንዲሶች ለአንድ አውቶሞቢል ባብዛኛው 2.5 በ5 ሜትር ቦታ ይሰጣሉ፤ ጎን ለጎን የቆመ መኪና እንዲወጣም ከጀርባው 6 ሜትር ያህል ክፍት መንገድ ይተዋሉ። አባካኞች! የኛ ሰው ያን ባዶ 6 ሜትር ሲያይ አንጀቱ አልችል ይለዋል፤ ሁለተኛ ረድፍ ሠራበት። ቦታ ሲጠብ ሦስተኛም ጀመረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ሦስት ቪትዝ ተባብረው አንድ ቪ-ኤይት ሲያስሩ እንደማየት የድሃን ልብ የሚያረካ ነገር የለም። ባዶ ቦታ ላይ ሰው የሚያቆሙም አሉ፤ ቤተሰቡ ገና ሽሮ ሜዳ ሰልፍ ላይ ሳለ አንድ የአክስት ልጅ አስቀድሞ ይላክና ሁለት እጁን ዘርግቶ 5 ሜትር አስፋልት ይጠብቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እንጦጦ ላይ ይህ ልጅ ሦስተኛቸው ነው።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚያቆም ሰው ጨዋ ከሆነ መሪውን አቅንቶ፣ ፍሪ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ፈትቶ ይሄዳል፤ የተዘጋበት ሰው ገፍቶት ይወጣል። ከተማ ውስጥ በየሕንፃው ሥር የተፈተነ ዘዴ ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሜዳ አስፋልት ላይ ለማንከባለል ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግፊት ይበቃዋል፤ አንድ የተናደደ ሰው አያጣውም። ተራራው ግን ሜዳ አለመሆኑን ማን ይንገረው? ያው መኪና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በ80 ኪሎ ጉልበት ቁልቁል ይጎትታል። ፍሪ ሆኖ፣ ባለቤት የሌለው። እንጦጦ ላይ ያለ ሾፌር መኪና ሲሄድ የታየው የውጭ ኩባንያዎች ራሱን የሚነዳ መኪና ከማሰባቸው በፊት ነው።

ደግነቱ ይህችም ጨዋነት እየቀረች ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። አብዛኞቹ ሲጠፉ ራሳቸውን ፒ በምትባለው የማቆሚያ ማርሽ ላይ ያስገባሉ፣ ፍሬናቸውንም ራሳቸው ይይዛሉ። ባለቤቱ ፍሪ አድርጎ ልሂድ ቢል እንኳ መኪናው እሺ አይለውም። 2 ቶን ይጠጋል፤ ጎማው እንደተያዘ አምስት ወጠምሻ ቢገፋው የሚንቀሳቀሰው የወጠምሾቹ ጫማ ነው። ሕሊናን ከጥያቄ ነጻ ለማድረግ እንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ ስንጠብቅ ኖረናል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ተብሎ የተፈጠረው ስልክ ቁጥር ነው። በደረሰኝ ጀርባ ይጻፍና ዳሽቦርዱ ላይ ይቀመጣል። በሩ ሲዘጋ ነፋሱ ወረቀቱን ያንሸራትተውና ከውጭ የሚነበበው «09» ብቻ ይሆናል። ሙሉውን ያነበበ ዕድለኛ ይደውላል፦

«ሄሎ፣ መኪናዎ ዘግቶኛል።»

«ውይ ይቅርታ! መጣሁ፣ መጣሁ። ደርሻለሁ!»

ከጀርባው የፈረስ ኮቴ ይሰማል። በእንጦጦ ቋንቋ «ደርሻለሁ» ማለት 3 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል ማለት ነው፤ በጫካ መንገድ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው 45 ደቂቃ። ለዚያውም ማኪያቶውን ካላዘዘ።

ታች ቤቶች ቁልቁለቱ ላይ የሚያቆሙት ናቸው፤ የነሱ ዜማ ይከብዳል። ፈሪ ሰው ቁልቁለት ላይ አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ሲያቆም የፊት ጎማውን ወደ መንገዱ ዳር ይሰብራል፤ መኪናው ቢያመልጥ ጠርዙን ተደግፎ ይቀራል። ሽቅብ ካየና ከፍ ያለ የጠርዝ ድንጋይ ካለ ጎማውን ወደ መሀል ይሰብራል፤ ጠርዝ ከሌለ ወደ ዳር። ማንዋል ሽቅብ ሲያይ አንደኛ፣ ቁልቁል ሲያይ የኋላ ማርሽ ያስገባል። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬኑን እንደረገጠ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይስባል፣ ፒ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፒ ከቀደመች የመኪናው ክብደት በሙሉ ካምቢዮው ውስጥ ጣት በምታህል ብረት ላይ ያርፋል፤ ሲነሡ «ቋ!» የምትለው እሷ ናት።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ታኮ ለሌለው ሰው ነው። ታኮ የታች ቤት ማዕረግ ነው። የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ከቦዩ ዳር ይነሣና ከኋላ ጎማ ሥር ይወሸቃል። ትንሽ ከሆነ ጎማው ይዘለዋል፤ ክብ ከሆነ አብሮ ይንከባለላል፤ ጠፍጣፋውን ጎን መሬት፣ ሾጣጣውን ጎማ ማስነከስ ነው ጥበቡ። ባለመኪናው ማታ ሲመለስ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ጋዝ ሰጥቶ ይነሣል፤ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። እሱ ወርዶ እንዳያነሣው መኪናው ዳገት ላይ ነው። ልጁ እንዳያነሣው እጁ ሒሳብ እየተቀበለ ነው። ከኋላ ያለው እንዳያነሣው የሱ ድንጋይ አይደለም። እንዲህ እንዲህ እያለ መንገዱ ይዘራል። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ፣ ማታ የሚያልፍ ዝቅተኛ መኪና የዘይት መያዣውን በዚያ ድንጋይ ይፈትሻል።

ለመንገዱ ስፋት መጨነቅ ያልሠለጠነ ሰው ጠባይ ነው። አስፋልቱ 7 ሜትር ከሆነ፣ በግራም በቀኝም ከነስፖኪዮው 2 ሜትር የሚይዝ መኪና ሲቆምበት 3 ሜትር ይተርፋል። አውቶቡስ 2.5 ሜትር ነው፤ በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል፣ ሁሉም ዳርና ዳሩን እኩል ጠብቆ ካቆመ። ሁለት አውቶቡስ ፊት ለፊት የተገናኘ እንደሆነ ግን የመኪና ትርኢት ይጀመራል፤ ክላክሱ በግዕዝም በዕዝልም በአራራይም ይወርዳል። አምቡላንስም የሚያልፈው በዚያችው በተረፈችው ወርድ ነው። ይህን ያስተዋለ አንድ ሰው መሀል ላይ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ «አምስት ደቂቃ ናት» ብሎ ውሃ ሊገዛ ይወርዳል። አራት ፍሬቻ የበራበት መኪና እንዳልቆመ ይቆጠራል።

ወር በገባ በ1 ራጉኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም ነው፤ ከእሑድ ጋር የገጠመ ዕለት ተሳላሚውና ተራማጁ አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ጠበል የያዙ አንዲት እናት በሁለት ስፖኪዮ መሀል በጎናቸው ሊያልፉ ሲሞክሩ ጀሪካኑ ይይዛቸዋል። መልሰው ያወጡታል። ጭንቅላታቸው ላይ ሊያደርጉት ያስባሉ፣ ይተዉታል። በመጨረሻ ኮፈን ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ካለፉ በኋላ ዞረው ያነሡታል፤ ያኔ የመኪናው ማንቂያ ይጮኻል፣ «ይቅርታ ልጄ» ይላሉ ለመኪናው። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ይህም ዕድል የላትም። ጀርባዋ ላይ የተጋደመው ጭራሮ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ በመኪኖቹ መሀል ስለማይገባ ሕይወቷን ለመንገዱ አከፋፋይ ነጭ መስመር ሰጥታ ትወርዳለች። ተራማጁ በመስኮት አይቷት «ጎበዝ ናት፣ ይህ ነው ስፖርት» ይላል።

በጋ ላይ ለሚያቆሙ አንዲት ምክር፦ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቦታ ስታጡ የደረቀ ቅጠል የተከመረበትን መርጣችሁ ግቡ። ማርሚታ ዳገት ወጥቶ ሲያበቃ ቅጠል ለማያያዝ የሚበቃ ትኩሳት አለው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ዘይታም ነው። ደመራ የሚለኮሰው በመስከረም ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

እሑድ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ይወርዳል። ቁልቁለቱን «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ በፍሪ የሚወርድ አለ፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቢወርድ ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋው ነበር፣ ፍሬኑም ባልጋለ ነበር፤ ግን ለሽሮ ሜዳ ሰዎችም የተቃጠለ ነገር ማሽተት ይገባቸዋል። ተራራው ጸጥ ይላል። ድንጋዮቹ በቆሙበት ይቀራሉ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ።

በሚቀጥለው እሑድ አንዱ ብልህ ከሁሉ ቀድሞ ገና በ12 ሰዓት ንጋት ይደርሳል። መንገዱ ባዶ ነው። የወደደውን ቦታ ይመርጣል፤ መሀሉ ላይ አንድ ታኮ ተጎልቷል። ወርዶ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ፎጣ የተከናነበ ልጅ ይነቃል።

«ጋሼ፣ እሱ ቦታ ተይዟል።»