ከቅቤው በስተቀር ጾመኛ

ሕግ አክባሪነትን መማር የሚሻ ሰው ባሕር ተሻግሮም ቢሆን የካሊፎርኒያን የእንጆሪ ማሳ ይሳለም።

ሜቲል ብሮማይድ የሚባል ጋዝ አለ። ቀለም የለውም፤ ሽታውም እምብዛም አይታወቅም። ገበሬው ከመትከሉ በፊት አፈሩን በላስቲክ ሸፍኖ በዚህ ጋዝ ያጥነዋል። ትሉ፣ ፈንገሱ፣ የአረሙ ዘር፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይሰናበታል። ያመለጠው ጋዝ ሽቅብ ወጥቶ ከፀሐይ የሚጋርደንን ኦዞን ይበላል። መቼስ ዕጣን ወደ ላይ መውጣቱ የታወቀ ነው፤ ጋዙ ምን አጠፋ?

ዓለም ኦዞንን ለማዳን በተፈረመው ስምምነት፣ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ ተማምሎ ይህ ጋዝ ቀስ በቀስ እንዲቀር ወሰነ። የአሜሪካ የራሷ ሕግ እንዲያውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ይቁም ብሎ ነበር። ኮንግረሱ ግን ለመልካም ሥራ መሽቀዳደም ነውር መሆኑን ስለሚያውቅ በ1998 ቀኑን ወደ 2005 ገፋው። እስከዚያው መሰላሉን በሥርዓት ወረዱ፦ በ1991 ከነበረው መጠን በ1999 ሩቡ ተቀነሰ፣ በ2001 ግማሹ፣ በ2003 ሰባ በመቶው። የቀረው ሠላሳ በመቶ ብቻ ሆነ።

ከዚያ የዜሮው ዓመት 2005 ደረሰ። ለአሜሪካ የተፈቀደው መጠን ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? በ1991 ከነበረው ከሲሶ በላይ! ዜሮ ከሠላሳ በልጣ የተገኘችው ያኔ ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝናል።

ምሥጢሩ «ወሳኝ አገልግሎት» የምትባል ቀዳዳ ናት። ሌላ አዋጭ አማራጭ የለኝም፣ ገበያዬ ይናጋል የሚል ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃል። እንጆሪው ወሳኝ ነው፤ ቲማቲሙ ወሳኝ ነው፤ በጨው ታሽቶ ተሰቅሎ የሚደርቀውና ተባይ እንዳይበላው የሚታጠነው የአሳማ ጭን ሳይቀር ወሳኝ ነው። ቆዳችንን ከፀሐይ ማዳን ወረፋውን ይጠብቅ። ማመልከቻው በየዓመቱ ይታደሳል፤ «ለዘንድሮ ብቻ» ይባላል፤ ዘንድሮም በየዓመቱ ይመጣል። በእኛም ሰፈር እንዲህ ያለ ጾመኛ አይጠፋም፤ ጾሙን አጥብቆ ይዟል፣ ከቅቤው በስተቀር፤ እሱንም የንስሐ አባቱ ፈቅደውለታል።

ኢትዮጵያን ጨምሮ ለድሆቹ አገሮች የተቆረጠው ቀን 2015 ነበር። የአሜሪካ እንጆሪና የአሳማ ጭን በወሳኝነታቸው እስከ 2016 ዘለቁ። ታላቅ ሰው ከማዕድ ቀድሞ አይነሳምና ይህን እንደ ጨዋነት ልንቆጥርላቸው ይገባል።

አሁን ታዲያ አበቃ? ለሕግ አክባሪ ሰው በር አይዘጋበትም። ተባይ ድንበር እንዳይሻገር ለኳራንቲን የሚታጠን ነገር ከመጀመሪያውም በፕሮቶኮሉ ጣሪያ አልተበጀለትም። የእንጆሪ ችግኝ የሚፈላበት መደብም በዚሁ በር ይገባል። ስለዚህ ፍሬው ከ2017 ጀምሮ አጥብቆ ይጾማል፤ ችግኙ ግን ፈቃድ አለው።