ከሩጫ በኋላ የወጣ የልብ ምርመራ ውጤት ብቻውን አይነበብም

ማራቶን የጨረሰ ጤነኛ ሯጭ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ደም ቢሰጥ፣ ትሮፖኒን የተባለው መለኪያ ከመደበኛው በላይ ሆኖ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ይኸው ትሮፖኒን ደግሞ በድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ሃርት አታክን የሚለዩበት ዋናው የደም ምርመራ ነው። ምንም ያላመመው ሰው ወረቀቱን አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ያንን አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ብያኔ የሚሰጥ ባለሙያ ነው።

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያግዝ ፕሮቲን ነው። ቦታው ጡንቻው ውስጥ ስለሆነ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ትሮፖኒን ቲ የሚባለው ዓይነት በዘመኑ መሣሪያ ሲለካ የተለመደው ወሰን በሊትር 14 ናኖግራም ነው። ልብ ለሰዓታት አለፋታ ሲመታ ከዚያ በላይ ወደ ደም ይወጣል። የወጣው ጥቂት ሴሎች ሞተው ነው ወይስ የሴሎቹ ሽፋን ለጊዜው ላልቶ? ተመራማሪዎች ገና አልተስማሙም። አካሄዱ ግን የታወቀ ነው። ከሩጫው በኋላ በጥቂት ሰዓታት ጫፍ ይደርስና በአንድ ሁለት ቀን፣ ቢዘገይ በሦስት ቀን ይወርዳል። በሃርት አታክ ጊዜ ለብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ከፍ እንዳለ ይቆያል።

የልብ ግድግዳ ሲወጠር የሚጨምረው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የተባለው ሌላ የደም መለኪያም ከረጅም ሩጫ በኋላ ከፍ ይላል። ሲኬ-ኤምቢ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም ምርመራማ ጭራሽ አያስተማምንም፤ ከተጎዳ የእግር ጡንቻም ይመጣል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማን ልብ ነው የሚለው ነው። በ2004 እና በ2005 በቦስተን ማራቶን 60 አማተር ሯጮች ተመርምረው ነበር። ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ትሮፖኒን ከወሰኑ አልፎ ተገኘ፤ የባሰባቸው ግን በሳምንት ከ56 ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲለማመዱ የከረሙት ነበሩ። ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው አትሌት አይደለም። በታላቁ ሩጫ ቀን ቲሸርቱን ለብሶ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተጫማውን ስኒከር አስሮ መስቀል አደባባይ የሚመጣው ወገኔ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ከማራቶን ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዳገቷም ዳገት ነው።

ሩጫ ይገድላል ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2010 በማራቶንና በግማሽ ማራቶን ከተሳተፉ ወደ 10.9 ሚሊዮን ሯጮች መካከል ልባቸው በድንገት የቆመባቸው 59 ብቻ ናቸው።

በሌላ በኩል «ስፖርት ሠርቶ ነው» ብሎ ማሰናበትም አያዋጣም። በኔዘርላንድስ ኔይሜኸን ከ30 እስከ 55 ኪሎ ሜትር በእግር የተጓዙ 725 ሰዎች ከዓመታት ክትትል በኋላ ውጤታቸው በ2019 ታትሟል። ከጉዞው በኋላ ትሮፖኒናቸው ከወሰን ካለፈው መካከል 27 በመቶው ሞተዋል ወይም ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር ገጥሟቸዋል፤ በሌሎቹ ይህ 7 በመቶ ነበር። እርግጥ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ እግረኞች ናቸው፤ ለ25 ዓመት ሯጭ በቀጥታ አይሠራም። ለ55 ዓመቱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ይሠራል።

ስለዚህ ሯጩ ደረቱን ካፈነው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ፣ ደሙም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይደገም። የምርመራ ማዘዣው ላይ ሩጫው ስንት ሰዓት እንዳለቀና ደሙ ስንት ሰዓት እንደተቀዳ ይጻፍ። ምንም የማያመው፣ ቼክ አፕ ብቻ የፈለገ ሰው ደግሞ ከረጅም ሩጫ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ቆይቶ ይምጣ።