ቦል ቫልቭ ወይስ ቤሎ ግሎብ፦ የፈሳሽ ክሎሪን መስመር ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ክሎሪን ወደ ፈሳሽ በሚቀየርበት ክፍል ለመዝጊያነት ቦል ቫልቭ ከቤሎ ግሎብ ቫልቭ ይሻላል።» ቦል ቫልቭ የሚዘጋው መሃሉ የተበሳ ኳስ ሲዞር ነው፣ ግሎብ ደግሞ ስቴሙ (መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ሲወርድ፤ ቤሎ ማለት ስቴሙን የሚሸፍን እጥፍጥፍ ብረት ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች አዳማ ነው የሚሰሩት፣ እሷ ፕሮሰስ ዲዛይን ላይ፣ እሳቸው ጥገና ላይ ያረጁ ሰው ናቸው።

ፕሮሰስ፦ ቀጥታ ልግባ። ጋዙ በሰልፈሪክ አሲድ ደርቆ፣ ተጨምቆ፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ቶሎ የሚዘጋ ነገር ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ክሎሪን ካመለጠ ወደ 460 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ ከአየር 2.5 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሳበው። ቦል ቫልቭ ሩብ ዙር ነው፣ በአየር የሚሰራ አክቹዌተር (ቫልቩን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) ካለው ከኮንትሮል ሩም በተን ተጭነህ በሰከንዶች ይዘጋል። አዎ፣ ኳሱ ውስጥ ፈሳሽ ይታሰራል፣ እሱም መፍትሄ አለው፦ ኳሱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና ቫልቩ ሲዘጋ የታሰረው ወደ ግፊቱ ምንጭ ይተነፍሳል። ያው በዚህ ምክንያት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገጠመው፣ ቀስት አለው፣ ቀስት አይቶ መግጠም ደግሞ ማንንም አያቅተውም።

ጥገና፦ «ማንንም አያቅተውም»! ልጄ፣ ይቺን አትሜ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ እለጥፋታለሁ። ቀስቱ ፋብሪካ ሲወጣ አለ፣ አዎ። ከዚያ ቀለም ቀቢው መጥቶ ቧንቧውንም ቫልቩንም ቀስቱንም አንድ ላይ ቢጫ ይቀባዋል። ከዚያ ለጥገና ይፈታል፣ ሌሊት ይገጠማል፣ የገጠመው ልጅ ያየው የብሎኑን ቀዳዳ ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ምን ይሆናል? ቫልቩን ዘጋሁ ብለሽ የወዲያውን ፍላንጅ (የቧንቧ መጋጠሚያ) ስትፈቺ ክሎሪኑ በዚያችው «መፍትሄ» ባልሻት ቀዳዳ በኩል ፊትሽ ላይ ይመጣል። ቤሎ ግሎብ እንዲህ አይነት ወጥመድ የለውም። ስቴሙን እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ቀጭን ብረት ይሸፍነዋል፣ ክሎሪኑ ፓኪንጉ (ስቴሙ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ) ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል፣ ቤሎው ቢሰነጠቅ እንኳ ከላይ ፓኪንግ አለ። ቤሎው ይበላል እንዳትይኝ ደግሞ፣ ታይታኒየም አድርጊው፣ ታይታኒየምን ክሎሪን አይነካውም፣ አለቀ።

ፕሮሰስ፦ በመጀመሪያ «ልጄ» የሚለው ቢቀርልኝ። እዚህ የመጣሁት በሙያዬ ነው።

ሁለተኛ፣ ታይታኒየም?! ታይታኒየምን የማይነካው እርጥብ ክሎሪን ነው ጋሼ። ደረቅ ክሎሪን ውስጥ ታይታኒየም እሳት ይይዛል፣ ነበልባል ማለቴ ነው። እኛ ደግሞ ጋዙን የምናደርቀው ለምንድነው? ብረቱ እንዳይበላ! ደረቁን ተራ ካርቦን ስቲል በደንብ ይችለዋል፣ ውሃ ሲገባበት ነው አሲድ ሆኖ ብረቱን የሚጨርሰው። እርስዎ አሁን ፈሳሽ ክሎሪን መስመር ላይ ክብሪት እንድገጥም ነው የሚመክሩኝ።

ጥገና፦ ሙያ ካልሽ በሙያ እንነጋገር። የአዳማን ፀሐይ ታውቂያታለሽ። ሁለት ቫልቭ ተዘግቶ መሃል ላይ ያለው ቧንቧ ጢም ብሎ ፈሳሽ ከሞላ፣ ቀኑ ሲሞቅ ፈሳሹ ይለጠጣል፣ መሄጃ ግን የለውም፣ በየዲግሪው ግፊቱ ብዙ ባር ይዘላል፣ ፍላንጁ ካልተነፈሰ ቧንቧው ይተነፍሳል። ለዚህ ነው ኤክስፓንሽን ቻምበር (ፈሳሹ ሲለጠጥ የሚሄድበት ዕቃ) የሚገባው። አንቺ ያልሽው ቦል ቫልቭ ያንኑ አደጋ አሳንሶ ሆዱ ውስጥ የያዘ ዕቃ ነው፣ የሚያድነው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ቀዳዳዋ ደግሞ በቀስት ታምናለች፣ ቀስቷ በቀለም ቀቢው።

ፕሮሰስ፦ ስለ ታይታኒየም ምንም አላሉም። ልብ ብያለሁ።

ኤክስፓንሽን ቻምበር እኔም ዲዛይን ላይ አስገባለሁ፣ ማንም አልከለከለም። የአሜሪካው የክሎሪን ኢንዱስትሪ ማኅበር፣ የክሎሪን ኢንስቲትዩት፣ ፓምፍሌት 6 ስለ ደረቅ ክሎሪን ቧንቧ ሲዘረዝር ቦል ቫልቭንም ግሎብንም ይቀበላል፣ ወጥመድ ነው ብሎ አልጣለውም። ቁም ነገሩ ዝርዝሩን በትክክል መጻፍ ነው። ለምሳሌ ቦዲው (የቫልቩ አካል)፦ ተራው ደብሊው ሲ ቢ የሚባለው የካርቦን ስቲል ቀረጻ ዝቅተኛው ገደቡ −29 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ክሎሪን ግን በባህር ጠለል −34 ላይ ነው የሚፈላው፣ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ደግሞ ትንሽ እንኳ ይወርዳል። ስለዚህ ግፊቱ ድንገት የወደቀ ዕለት ብረቱ ከገደቡ በታች ነው፣ ኤል ሲ ቢ የሚባለው ብርድ የሚችል ቀረጻ ነው የሚገባው፣ እሱ እስከ −46 ይሄዳል። ለምን ይሄን አነሳሁ? በየሱቁ «ያው ነው ያው ነው» ተብሎ የሚሸጠው ደብሊው ሲ ቢው ስለሆነ። የእርስዎ ግሎብም ከዚህ አያመልጥም። ታይታኒየም ካላደረጉት በቀር።

ጥገና፦ ታይታኒየሙን ተይው አንቺ።

የኔን ነገር ግን አልመለስሽልኝም፣ ቀስቱን። ፓምፍሌት አነበብሽልኝ። ፓምፍሌቱን የጻፉት ሰዎች ስቶራቸው ውስጥ ሁለት መለዋወጫ አላቸው፣ እኛ አንድ የለንም፣ ይሄ ነው ልዩነቱ። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ቫልቩ ከቅባት ጸድቶ፣ ደርቆ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ስቶር ላይ ፕላስቲኩ ይቀደዳል፣ «ዝገት እንዳይዘው» ተብሎ ደህና አድርጎ ግሪስ ይቀባል። ግሪስና ክሎሪን! ሁለቱ ተገናኝተው እሳት ሊያስነሱ እንደሚችሉ አንቺ ዲግሪ አለሽ ታውቂዋለሽ። ይሄን የሚሰራው ክፉ ሰው አይደለም፣ ዕድሜ ልኩን ዕቃ ሲገባ ግሪስ ቀባ ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ለዚህ ሰው ነው ቫልቭ የምትመርጪው፣ ለፓምፍሌቱ አይደለም።

ፕሮሰስ፦ ግሪሱ ግሎብ ላይስ አይቀባም እንዴ? ምነው ቦል ላይ ብቻ የሚቀባ አስመሰሉት! እንዲያውም ቤሎው እጥፋት ውስጥ የገባ ግሪስ ማን አጥቦ ያወጣዋል? እስካሁን እኮ ያወሩት ስለ ቫልቭ አይደለም፣ ስለ ስልጠና ነው፣ ስለ ስቶር ነው። ስልጠና የሌለበት ቦታ የትኛውም ቫልቭ አያድንም።

ጥገና፦ እኮ! ይሄን ነው እኔም የምለው። ታዲያ ስልጠና ከሌለ ለምን ፈሳሽ እናደርገዋለን? ክሎሪኑን እዚያው አብሮት ከሚመረተው ኮስቲክ ሶዳ ጋር አዋህዶ በረኪና አድርጎ መሸጥ ነው። 7 ባር ግፊት የለ፣ ብርድ የለ፣ ቀዳዳ የለ።

ፕሮሰስ፦ የክርክሩ ሐሳብ ቦል ወይስ ግሎብ ነበር ጋሼ፣ አሁን ፋብሪካውን ነው የሚዘጉብኝ? በረኪና እኮ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ቦቴ ሙሉ ውሃ ነው ሐዋሳ ድረስ የሚያጓጉዙት፣ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ መንገድ ላይ ኃይሉ እየወረደ ነው። በዚህ ላይ ሊክ ቢኖርስ? ቦል ቫልቭ በሩቅ ይዘጋል። እርስዎ ቤሎ ግሎቡን ሊዘጉ ጭምብል አድርገው ጋዙ ውስጥ ሊገቡ ነው?

ጥገና፦ ግሎብም አክቹዌተር ይገጠምለታል፣ እሱን ፓምፍሌቱ አልነገረሽም? ሊክ ካልሽ ደግሞ ስለ ሊክ እንጨርስ። ስቴሙ ጋ ነጭ አመዳይ ይይዛል፣ ሰው አይቶ «ብርድ ነው» ብሎ ያልፋል። ሊኩ የሚታወቀው የአሞኒያ ጠርሙስ አፉን ከፍተሽ ስታስጠጊ ነው፣ ነጭ ጭስ ካወጣ አለ። ባይታወቅስ? የአየሩ እርጥበት ከክሎሪኑ ጋር አሲድ እየሆነ ያችኑ ቀዳዳ ያሰፋታል፣ ጠዋት እንደ ክር የነበረው ማታ ሌላ ነው። ውሃ ከደፋሽበት ደግሞ ባሰ። ለሌሊት ሽፍት ያንን አሞኒያ ማን ገዝቶ እንደሚያስቀምጥ፣ ማንስ ዞሮ እንደሚያስጠጋ በስም ከነገርሽኝ ቦል ቫልቭሽን ራሴ እገጥምልሻለሁ፣ ቀስቱንም ቀለሙን ፍቄ አየዋለሁ።