ደረቱ ሲር ሲር ለሚል ሕፃን የአለርጂ ምርመራ፦ ይቅደም ወይስ ይቆይ?

የክርክሩ ርዕስ፦ «ከ5 ዓመት በታች ሆነው ደረታቸው በተደጋጋሚ ሲር ሲር የሚል ሕፃናት ሁሉ፣ በአየር ለሚመጡ ነገሮች አለርጂ እንዳለባቸው ቶሎ መመርመር አለባቸው።» አንዱ ጸሐፊ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል።

ይመርመር ባይ፦

ከሚያስማማን ልጀምር። ሕፃን ልጅ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ማለቱ ብርቅ አይደለም። 3 ዓመት ሳይሞላቸው ከሦስት ሕፃናት አንዱን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያጋጥመዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ የጉንፋን ቫይረስ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም።

ጠባችን የሚመላለስበት ልጅ ላይ ነው። ወላጅ ልጁን አቅፎ ይሄዳል። «ጉንፋን ነው» ይባላል። የሚነፋ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ እዚያው። ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ ሲሆን ጥያቄው መቀየር አለበት። ልጁ የሚተኛበት ፍራሽ ውስጥ ምን አለ? ቤት ውስጥ ድመት አለች? ግድግዳው ሻግቷል? በረሮስ?

ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። ክንድ ወይም ጀርባ ላይ አለርጂ የሚያስነሳው ነገር ያለበት ጠብታ ይደረግና ቆዳው በመርፌ ጫፍ በስሱ ይወጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። ያበጠው ቦታ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው። ቆዳው ላይ ካልተመቸ ደም ተወስዶ አይ-ጂ-ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ይለካል። «ገና ሕፃን ነው፣ አይቻልም» የሚባለው ተራ ወሬ ነው። ዕድሜ አይከለክልም።

ይቆይ ባይ፦

ዕድሜ አይከለክልም፣ እውነት ነው። ታዲያ የሚቻል ነገር ሁሉ ይደረግ ማለት ነው እንዴ?

እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ፣ በአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ አንድ ጥናት ተጀመረ። ከ1,200 በላይ ልጆችን ከተወለዱ ጀምሮ ተከታተለ። 3 ዓመት ሳይሞላቸው ሲር ሲር ካላቸው ልጆች ከ10 ስድስቱ ገደማ 6 ዓመት ሲሞላቸው ለቋቸዋል። ለቀቃቸው የተባሉት ልጆች ሳንባቸው ከመጀመሪያው ደከም ያለ ነበር። የሚያጨሱ እናቶችም ከመካከላቸው በርከት ብለው ተገኝተዋል። አለርጂ ግን ጎልቶ አልታየባቸውም። እነዚህን ሁሉ ቆዳቸውን ብንወጋ ምን እናገኝ ነበር?

ሳይቃጠል በቅጠል ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ያልተቀጣጠለውን ሁሉ ግን በቅጠል መደብደብ አያስፈልግም።

ሌላው ጣጣ «ፖዘቲቭ» የምትለው ቃል ናት። ፖዘቲቭ ማለት ሰውነቱ ለዚያ ነገር አይ-ጂ-ኢ ሠርቷል ማለት ብቻ ነው። ሲር ሲር የሚያሰኘው እሱ ነው ማለት አይደለም። ለአቧራ ተባይ (ፍራሽና ምንጣፍ ውስጥ ለሚኖረው፣ በዓይን ለማይታይ ጥቃቅን ፍጥረት) ፖዘቲቭ ሆነው ምንም የማይሰማቸው ልጆች ሞልተዋል። ወላጅ ግን ወረቀቱን ባየ ማግስት ምንጣፉን ያወጣል፣ አሻንጉሊቱን ይጥላል፣ ድመቷን ያባርራል። ድመቷ ብትሄድ እንኳ አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲኗ ቤት ውስጥ ለወራት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ደግሞ የአቧራ ተባይን ለመከላከል የተሞከሩ ዘዴዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ለአስም የሚረባ ጥቅም አላገኘባቸውም። ያ ሁሉ ልፋት ለምን?

ይመርመር ባይ፦

ቱሳንን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ስድስቱ ለቀቃቸው፤ አራቱስ? 2 ዓመት የሆነውን ልጅ ደረት በማዳመጫ ሰምተው ከስድስቱ ነው ወይስ ከአራቱ ብለው ይነግሩኛል? አይነግሩኝም። እኔም አልችልም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ጀርመን ውስጥ የተወለዱ ከ1,300 በላይ ሕፃናትን የተከታተለ ሌላ ጥናት አለ። ሲር ሲር ከሚሉት መካከል አለርጂ ካልተገኘባቸው ልጆች 90 በመቶው ትምህርት ቤት በገቡበት ዕድሜ ምልክቱ ጠፍቶላቸዋል፣ ሳንባቸውም ደህና ነው። ገና በ3 ዓመታቸው ዓመቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ለሚገኙ ነገሮች፣ ለአቧራ ተባይና ለድመት ዓይነቱ፣ አለርጂ የታየባቸው ልጆች ሳንባ ግን ደክሞ ተገኝቷል። ልብ ይበሉ፣ ኔጌቲቭ ውጤትም ዋጋ አለው። ድመቷን የሚያተርፋት እሱ ነው!

መድኃኒት ለመምረጥም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን በሦስት ዓይነት ሕክምና አፈራርቆ ሞከረ። የሚነፋውን ስቴሮይድ (የአየር ቧንቧን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) በየቀኑ መውሰድ ከሌሎቹ ይበልጥ የጠቀመው በአየር የሚመጣ አለርጂ ላለባቸውና ኢኦሲኖፊል የተባሉት የደም ሕዋሳት ለበዙባቸው ልጆች ነው። ሳይመረመሩ በየቀኑ ስቴሮይድ ማስጀመር ወይም መከልከል ግምት ነው።

የኮክሬኑን ነገር በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውን፣ እንግሊዝ ውስጥ የተካሄደውን ጥናትም ይመልከቱ። አስም ተነስቶባቸው ሆስፒታል የደረሱና በምርመራ ለአቧራ ተባይ ፖዘቲቭ የሆኑ ልጆች ተመረጡ። ለግማሾቹ ተባዩን የማያሳልፍ የፍራሽና የትራስ ልባስ ተሰጠ፣ ለሌሎቹ ተራ ልባስ። በዓመቱ ውስጥ ታመው እንደገና ሆስፒታል የመጡት ተራውን ከወሰዱት 42 በመቶ፣ ትክክለኛውን ካገኙት 29 በመቶ ገደማ ናቸው። ልባሱ የሠራው ቀድሞ የሚሠራለት ልጅ ስለተለየ ነው።

ይቆይ ባይ፦

ጥሩ ማስረጃ ነው፣ አልክድም። ግን እነዚያ ልጆች ከ3 እስከ 17 ዓመት ናቸው። አስም እንዳለባቸውም ታውቋል። እርስዎ የሚሟገቱት ገና አንድ ዓመት ተኩል ለሆነው ነው፣ ያውም ለ«ሁሉ»።

ችፌ ያለበት፣ እናቱ ወይም አባቱ አስም ያለባቸው፣ ጉንፋን ሳይዘው ሲሮጥ ወይም ሲስቅ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ይመርመር። ዛሬውኑ። የሌሎቹ ግን ይቆይ። «ቶሎ ከታወቀ ዕጣው ይቀየራል» የሚለውንም ተስፋ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት አቀዝቅዞታል። 285 ለአስም የተጋለጡ የ2 እና የ3 ዓመት ልጆች ነበሩ። ለሁለት ዓመት ስቴሮይድ ሲነፉ የቆዩት ሕመሙ ቀለል አላቸው። በሦስተኛው ዓመት ሲያቆሙ ግን ካልወሰዱት ጋር እኩል ሆኑ።

ይመርመር ባይ፦

ዕጣ ይቀየራል አላልኩም። ሁለት ዓመት ሳያስል የተኛ ልጅ ግን ትንሽ ነገር ነው? ወላጆቹንም ይጠይቁ።

ይቆይ ባይ፦

ትንሽ አይደለም። ግን በአንድ ዓመቱ ኔጌቲቭ የሆነ ልጅ በ3 ዓመቱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ለአበባ ብናኝ አለርጂ ለመሆን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወቅት በላይ መጋለጥ ይጠይቃል። ወላጁ «ነፃ ነው ተብሏል» ብሎ ይዘናጋል።

ይመርመር ባይ፦

እንደገና ይመርመራላ! የማይደገም ምርመራ የለም። የእርስዎ ችፌና የቤተሰብ ታሪክ ደግሞ ወላጅ በሚያስታውሰው ላይ የቆመ ነው። አባትየው ልጅ ሳለ አስም እንደነበረበት ስንቱ ያውቃል?

ይቆይ ባይ፦

ከመድገም በፊት መጀመሪያ የተደረገው በትክክል መደረጉን ይጠይቁ። ልጁ ለማሳከክ የሚሰጠውን ሽሮፕ እየጠጣ ከሄደ የቆዳ ምርመራው ውሸት ይናገራል፤ ቀናት አስቀድሞ መቆም አለበት። እኔ ደግሞ ከዚያም በፊት የምጠይቀው አለኝ። የሚነፋው መድኃኒት በስፔሰር (መንፊያው ላይ በሚገጠመው የፕላስቲክ ቱቦ) በደንብ እየገባለት ነው? ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ? ይህን ለማወቅ መርፌም ደምም አያስፈልግም።