ነፋስ ተቀባዩ

በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ አንዳንዴም ሳያልቅ፣ የሚከተለው ጥያቄ «ወዴት ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው የሰው ምሥጢር ለመጎርጎር አስቦ አይደለም፤ መንገደኛ ያለ ጉዳይ ከቤቱ ስለማይወጣ፣ ጉዳዩን አውቆ እንደ ሁኔታው «እግዜር ያጽናህ»፣ «ይቅናህ» ወይም «ይማርልህ» ማለት የጨዋ ደንብ ስለሆነ ነው። ተቀባይነት ያላቸው መልሶችም የታወቁ ናቸው፤ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ማኅበር፣ ጠበል፣ ወፍጮ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ የጠፋ ከብት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ወጥቼ በብስክሌት ገጠሩን መዞር ከጀመርሁ ወዲህ እንደተረዳሁት፣ «እንዲሁ ዝም ብዬ ነው» የሚለው መልስ ከእነዚህ መካከል የለም።

ብስክሌቱን ያስገዛኝ ሐኪም ነው። ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያደገው ሆዴን አይቶ፣ ጉልበቴንም ጫን ጫን አድርጎ፣ «ሩጫ አይሆንህም፤ ብስክሌት ንዳ» አለኝ። ባለቤቴ በዚህ ዕድሜዬ ከጎረምሳ ጋር ጎማ ላይ መውጣቴን ስለጠላችው፣ አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ እንደነበር አስረዳኋት። እሷም ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቋርጥ፣ «እነሱኮ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር» አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ስለሚሳሳ፣ የመጀመሪያዋን ዳገት ሳልጨርስ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ስትመታ ሰማኋት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ከተማቸውን እዚህ ሲቆረቁሩ ብርሃኑን በስሟ ላይ አኖሩልን፤ ብርዱን ግን ማንም ሳይሰይመው እንዲሁ ወረስነው። ያ የመጀመሪያ ቅዳሜዬ የጥቅምት ቅዳሜ ነበርና ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልሟሟም፤ የገብሱ ዘለላ ከብርዱ የተነሣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ከየጎጆው የኩበት ጢስ እየተነሣ፣ እኔም የአንኮበርን መንገድ ይዤ በዓለም ላይ እንደ እኔ የታደለ ሰው የለም እያልሁ ነበር።

ከተማውን ለቅቄ ጥቂት እንደ ሄድሁ ሁለት አህያ ገብስ የጫኑ ሽማግሌ አገኘሁ። ሰላምታችንን ጨረስን።

«ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ ሳብ አድርገው፣ መንገዱ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ አዩት። ባሕር ዛፉ ነፋሱን መቋቋም አቅቶት እንደ ቄስ እጅ ነሺ ጎንበስ ቀና ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው፣ «ምነው፣ ከቤትህ አልደርስ ብሎ ነው?» አሉኝ።

የምለው ጠፋኝ። እውነትም ደብረ ብርሃን ላይ ነፋስ የሚቀበሉት እንግዳ ሳይሆን በር ዘግተው የሚከላከሉት ጠላት ነው። ሽማግሌው ግን ሰው አሳፍሮ መሄድ አልወደዱም መሰለኝ፣ ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩትና ምን እንደሚበላ ጠየቁኝ። ምንም እንደማይበላ፣ ጎማው ውስጥ ብቻ ነፋስ እንደሚሞላ ነገርኋቸው።

«አሃ! የምትቀበለው ለሱ ነው እንጂ!» አሉና ፊታቸው በራ።

ብስክሌትን እንደ ከብት ቆጥሮ ቀለቡን መጠየቅ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በ1888 እ.ኤ.አ. ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በነፋስ የተሞላ ጎማ የሠራለት ደንሎፕ በሙያው የእንስሳት ሐኪም ነበረና፣ የሽማግሌው አጠያየቅ ከነገሩ ሥር ብዙም የራቀ አይደለም።

ከጥያቄው ይልቅ ያስቸገረኝ ሰላምታው ነው። በእኛ አገር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ትልቅ ሰው ሲያገኝ ይወርዳል፤ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን አባቶቻችን አልወሰኑልንም። እኔም ለጥንቃቄ ብዬ መውረዱን መረጥሁ። ወርጄ፣ ቆቤን አንሥቼ፣ እንዴት አደሩ ተባብለን፣ የልጁንም የከብቱንም የአዝመራውንም ደኅንነት ጠያይቀን እንደገና ኮርቻው ላይ ስወጣ ሌላ ትልቅ ሰው ከፊቴ ይመጣል። ዳገት ሲሆን ይህ ሁሉ አያስቸግርም፤ በ1817 እ.ኤ.አ. ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ የሠራው የመጀመሪያው ብስክሌት ፔዳል ስላልነበረው ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው፤ እኔም ዳገት ላይ ወርጄ እየገፋሁ ያንን ዘመን ስለማስታውስ፣ ለሰላምታ መቆሜ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ሰበብ ይሆነኛል። መከራው ቁልቁለት ላይ ነው። «እንዴት አደሩ?» የምለው ከሰውዬው ፊት ለፊት ሆኜ፣ «እግዜር ይመስገን» የሚለኝ ጎን ለጎን ስንሆን፣ «ከብቱስ ደኅና ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን እኔ ሃምሳ ሜትር አልፌ ፍሬኔን ጨብጬ ከኮረኮንቹ ጋር ስታገል ነው። ውሎ አድሮም «ያ የከተማ ሰው የከብቱን ደኅንነት ሲጠይቁት የሚሸሸው ምን ቢያደርጋቸው ነው?» የሚል ወሬ እንዳለ ሰማሁ።

ወሬው በዚህ ቢቆም በወደድሁ። የሄድሁበትን ኪሎ ሜትር እንዲቆጥርልኝ ስልኬን መሪው ላይ አስሬው ስለነበር፣ በሦስተኛው ቅዳሜ መሬት ሊለካ የመጣ ሰው መሆኔ ተነገረ። በአራተኛው ቅዳሜ ደግሞ ራሴ ላይ የደፋሁትን የፕላስቲክ ቁር አይተው እናቶች በጎቻቸውን ወደ ጓሮ ሲነዱ አየሁ፤ የሚቆጥር ሰው መጥቷል ተብሎ ነው። ጥርጣሬው እንዲበርድ አሳማኝ ጉዳይ ማቅረብ እንዳለብኝ ተረዳሁና፣ በሚቀጥለው ጊዜ አቅጣጫዬን ቀይሬ በጫጫ በኩል ስሄድ «ወዴት ነው?» ላሉኝ እናት «አንጎለላ፣ ዐፄ ምኒልክ የተወለዱበትን ቦታ ለማየት ነው» ብዬ በኩራት መለስሁ።

«መቼ ነበር የተወለዱት?»

«በ1836 ዓ.ም.፣ እትዬ።»

«ታዲያ አሁን ነው አራስ የምትጠይቅ?» አሉና አለፉ።

ታሪክም እንዳላዋጣኝ ካየሁ በኋላ ነው ወደ ውሸት የገባሁት። በቀጣዩ ቅዳሜ፣ እንደገና በአንኮበር መንገድ፣ አንድ ፊቱ የጠቆረ ጎልማሳ ዱላውን አግድም ይዞ መንገዱ መካከል ቆመና የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀኝ። አጠያየቁ ግን የተለመደው አልነበረም። እኔም ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ፣ «በቅሎ ጠፍታብኝ ነው፣ ወንድሜ» አልሁ።

የሰውዬው ፊት ወዲያው ተፈታ። ዱላውን ትከሻው ላይ መልሶ፣ ከኪሱ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝና መልኳን ጠየቀኝ። ዳማ ናት አልሁ። ግንባሯስ? ቦራ። ሌላ ምልክትስ? እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ነገር ግን እስከዚያች ቀን ድረስ በዚህ መንገድ ላይ ንግግሬን እንዲህ ከልቡ ያዳመጠኝ ሰው ስላልነበረ ሞቅ አለኝና፣ «ግራ ጆሮዋ ጫፉ ተቀድዷል» ብዬ ጨመርሁ። እሱም ሊያጽናናኝ ፈልጎ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች፤ ብዙም አልራቀች» አለኝ። ገመዱን ያሳጠረው ማን እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ሳምንታት፣ ልክ ሐኪሙ እንዳዘዘውና ልቤ እንደተመኘው፣ የተዝናናሁባቸው ሳምንታት ነበሩ። የሚጠራጠረኝ ጠፋ። ሰላምታው አጠረልኝ፤ ልቡ የተሰበረ ሰው ብዙ አይጠየቅምና። ሁሉም ጣቱን እየቀሰረ «በዚህ ሞክር» ይለኛል፤ የሚያመለክቱኝ መንገድ ሁሉ ደግሞ ከብት የሚወደው ለምለሙና ጸጥ ያለው ስለነበር፣ ብቻዬን ብሆን ዕድሜ ልኬን የማላገኘውን ገጠር አሳዩኝ። አንድ ቀን እንዲህ ሲመሩኝ አምባው ተቆርጦ ወደ ቆላው ከሚወርድበት ገደል አፋፍ ደረስሁ። ከሥሬ ጉም ተኝቷል፤ ጉሙ ሲሳሳ እርከን በእርከን የወረደው እርሻ ብቅ ይልና መልሶ ይሸፈናል። ከእኔ ሃያ እርምጃ ባልበለጠ ርቀት የጭላዳ መንጋ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሴት ወይዘሮ ምስር እንደምትለቅም ሣሩን በሁለት እጁ እየለቀመ ይበላል። ትልቁ ወንድ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ጎፈሬው በነፋስ እየተበተነ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ምግቡ ተመለሰ። በዚያ አገር ወዴት እንደምሄድ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ ግን በቅሎዬ ከእኔ ቀድማ ገብታ ነበር። ባለቤቴ ከገበያ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ቅቤ ነጋዴዋ ስለ በቅሏችን እግዜር ይተካላችሁ አለችኝ፤ መቼ ነው በቅሎ የገዛነው?» አለችኝ። የእድራችን ጸሐፊ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ የእድሩ ደንብ ለሰው እንጂ ለከብት እንደማይከፍል፣ ነገር ግን በግሉ እንዳዘነ ገለጸልኝ።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ያ ጎልማሳ ከሩቅ እየሮጠ መጣና «የምሥራች!» አለኝ። «ምሥር ብላ» ከማለት ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ወደ መንደሩ ይዞኝ ገባ። ግቢው ሰው ሞልቶበታል፤ በመካከሉ አንዲት በቅሎ ታስራ ቆማለች። ዳማ ናት። ግንባሯ ቦራ ነው። የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ይቺ አይደለችም» አልሁ፣ የመጨረሻ ተስፋዬ ጆሮዋ ላይ ስለነበር። «የኔዋ ግራ ጆሮዋ ነው የተቀደደው፤ ይቺ ቀኟ ነው።»

ሰዉ ጸጥ አለ። ከኋላ እነዚያ ገብስ የጫኑት ሽማግሌ ብቅ ብለው በቅሎዋን ፊት ለፊት ከቆሙ በኋላ፣ «ፊቷን ወዳንተ ስታዞር ቀኟ ላንተ ግራህ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ግቢው በሙሉ በአድናቆት አጉረመረመ። እኔም ከዚህ በላይ መሄድ ኃጢአት መስሎ ስለታየኝ፣ በቅሎ ኖሮኝ እንደማያውቅ፣ የዋሸሁት ጨንቆኝ እንደሆነ፣ የምወጣው ነፋስ ለመቀበል ብቻ እንደሆነ፣ አንዲቱንም ሳልደብቅ ተናዘዝሁ።

ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «አትቀየሙት። ከጠፋችበት ወዲህ እንዲህ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ያገኘሁት ለትም ነፋስ እቀበላለሁ ሲል ነበር።»

አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። ጥርሷን ከፍተው ሲያዩት በቅሎዋ ያረጀች ናት፤ ባለቤቷ አላገለግል ብትለው ለጅብ የለቀቃት መሆኗን እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉም የገመተው ይመስለኛል፤ ያቺ እናት የበቅሎዋን ባለቤት እኔ አድርገው እያዩኝ ነበርና ቀና ማለት አቃተኝ። በገበያ ቢለፈፍም «የኔ ናት» ብሎ የመጣ የለም። ለጎልማሳው ወሮታውን ከፈልሁ። በቅሎዋም ልቤ እስኪረጋ ድረስ ተብሎ ሽማግሌው ዘንድ ተቀመጠች፤ የገለባዋንና የገብሷን ዋጋ በየወሩ የምሰጠው እኔ ነኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ «ወዴት ነው?» የሚለኝ ሁሉ «በቅሎዬን ልጠይቅ ነው» ስለው «ይቅናህ፣ ደግ አደረግህ» ብሎ ያሳልፈኛል። ሽማግሌው ብቻ፣ በቅሎዋን አሻሽቼ፣ ጠላዬን ጠጥቼ፣ ለመመለስ ኮርቻው ላይ ስወጣ ሁልጊዜ እስከ በራቸው ይሸኙኝና አንድ ነገር አልገባቸው እንዳለ ይነግሩኛል።

«በቅሎ እያለህ፣ ልጄ፣ በዚህ ነገር መንከራተትህ ምን ነው?»